«ሸገር 88.1 ላይ ነው» የተባለላት ቪትዝ

ደብዳቤው

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የ2003 ሞዴል ቪትዝ ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። በሞተሯ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ቴፑ ግን አስመርሮኛል። የሸጠልኝ ሰውዬ ቁልፉን ሲሰጠኝ «ሸገር 88.1 ላይ ነው» አለኝ። 102.1 አይደለም እንዴ ብዬ ነበር፣ ግን እውነቱን ነው፣ 88.1 ላይ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

አባቴን በሳምንት ሁለቴ ክሊኒክ አደርሰዋለሁ። ጆሮው ደከም ስላለ መንገድ ላይ ሬዲዮ ሲሰማ ደስ ይለዋል። እሱን ስጠብቅ ቁልፍ ሳልሰካ መስማት ፈለግኩና አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋ ወስጄ አሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ሸገርም ፋናም ጠፉ፣ ሹሹታ ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት አትነሳም። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ያው ነው። የፊት ግራ ስፒከር በር ስዘጋ ይጠፋል፣ ስከፍት ይመጣል። የኋላዎቹ ትንሽ ከፍ ሳደርግ ይንጫረራሉ። ሙዚቃ የምሰማው ሲጋራ መለኮሻው ላይ በሚሰካው ዕቃ ነው፣ በገመድ ከስልኬ ጋር ይገናኛል። ስልኩን ቻርጅ ሳደርግ ሲ... የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ነዳጅ ስሰጥ አብሮ ይጨምራል። የቴፑ የማታ መብራትም ከሞተ ቆይቷል፣ ቀን ቀን ግን ቁጥሩ ይታያል።

አንድ ሱቅ ሁሉም ይቀየር አሉኝ። አንድሮይድ ስክሪን፣ አራት ስፒከር፣ አምፕሊፋየር፣ ሰብዉፈር የሚሉት የባስ ስፒከር። የሁለት ወር ደመወዜ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ባለ ቪትዟ፣ ከሐያት

መልስ

እህቴ፣ ስክሪኑን አትግዢ። ቢያንስ አሁን አትግዢ። አምፕሊፋየሩንና ሰብዉፈሩን ደግሞ ጭራሽ እርሺያቸው።

ከጻፍሽልኝ ሁሉ ትልቁ ነገር «ከዚያ ወዲህ» የምትለው ቃል ናት። ጣቢያዎቹ የጠፉትም ባትሪው መሞት የጀመረውም አንድ ቀን ነው፣ ኤሌክትሪሺያኑ ቴፑን ከፍቶ ከዘጋበት ቀን ጀምሮ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዕቃው አይደለም፣ የተነካው ሽቦ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ድምፅ ሲበላሽ ዕቃ ለመቀየር እንቸኩላለን፣ ሽቦው ግን እዚያው ይቀርና አዲሱን ዕቃም ያስቸግረዋል። አንቺም በባትሪው አይተሽዋል።

እስኪ ከሸገር እንነሳ። ቪትዝሽ ጃፓን ውስጥ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት። እዚያ ያኔ የኤፍ ኤም ስርጭት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። እኛ ጋ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ቴፑ 90 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ወደ 76 ይሄዳል፣ 102.1 የሚባል ቁጥር አያውቅም። ይህን ለመፍታት ከቴፑ ጀርባ፣ የአንቴናው ገመድ ላይ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ ትገባለች። ባንድ ኤክስፓንደር ትባላለች። ሥራዋ ከአንቴና የመጣውን ሞገድ በተወሰነ ቁጥር ዝቅ አድርጎ ለቴፑ መስጠት ነው። የአንቺዋ 14 ትቀንሳለች። 102.1 ላይ 14 ቀንሺ፣ 88.1 ይመጣል። ሰውዬው እውነቱን ነው የነገረሽ። ፋና 98.1 በአንቺ ቴፕ 84.1 ላይ ነበር፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ደግሞ 83.1 ላይ። ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8ን ግን በዚያች መኪና መስማት አትችዪም ነበር፣ 14 ሲቀነስለትም 93.8 ነው፣ ቴፑ ደግሞ 90 ላይ ያበቃል።

ኤክስፓንደሯ ደግሞ መብራት ትፈልጋለች። ቀይና ጥቁር ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሏት። ቀዩ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ቁልፍ ሲዞር ብቻ መብራት ከሚያገኘው ሽቦ ጋር ነው። አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ሰውዬው ቴፑ ያለ ቁልፍ እንዲሠራ ያንን የቁልፍ ሽቦ ቆረጠው። የቴፑን ጫፍ ወስዶ ሁልጊዜ መብራት ካለው ሽቦ ጋር ጠመዘዘው። የኤክስፓንደሯን ቀይ ሽቦ ግን እዚያው አንጠልጥሎት ቀረ። ቴፑ በራ፣ ኤክስፓንደሯ ሞተች። መኪናዋ አጠገቤ ሆና አላየኋትም፣ ግን ምልክቶቹ ሁሉ ወደዚህ ነው የሚያመለክቱት፣ ለማረጋገጥም አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ባትሪውም በዚሁ ነው። አብዛኛው የመኪና ቴፕ ሁለት መብራት ይገባለታል። አንዱ ሁልጊዜ ያለ ነው፣ ሰዓቱንና ያስቀመጥሻቸውን ጣቢያዎች እንዳይረሳ። ሁለተኛው ኤሲሲ የሚባለው ነው፣ ከቁልፉ የሚመጣ፣ «ተነሳ» ወይም «ተኛ» የሚለው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠመዘዙ ቴፑን ተኛ የሚለው የለም። የማታ መብራቱ ስለሞተ ደግሞ ጨለማ ውስጥ በርቶ ይሁን ጠፍቶ አታዪውም። ድምፁን ዜሮ አድርገሽው ከሆነ የወረድሽው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ነው የሚያድረው። ሒሳቡን እዪው። የቪትዝ ባትሪ ትንሽ ነው፣ 35 አምፔር ሰዓት ገደማ። ቴፑ ሳያቋርጥ 0.8 አምፔር ቢስብ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ባሉት 36 ሰዓታት ወደ 29 አምፔር ሰዓት ይበላል። በተረፈው ሞተር አይነሳም። አዲሱ ባትሪ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም እንዲህ ደጋግሞ እስከ ታች ሲወርድ የመኪና ባትሪ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ አንድ ሌሊት በደንብ ቻርጅ አስደርጊው።

መኪናሽ ላይ ለማየት አንድ ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ፣ በቂ ነው፣ ርካሹም ይሆናል። ቴስተሩን ዲሲ 20 ላይ አድርጊ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ቀለም ያልነካው የመኪናው ብረት ላይ፣ ቀዩን ጫፍ ወደ ቴፑ የሚገባው ሽቦ ላይ። ቁልፉ ወጥቶ አንደኛው ሽቦ 12.5 አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ሁለተኛው ዜሮ። ሁለቱም 12 ካሉ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ቁልፉን ሰክተሽ አንድ እርከን አዙሪና የኤክስፓንደሯን ቀይ ሽቦ ለኪ። ዜሮ ካለ እሱም ተገኘ።

ስለ ሽቦ ቀለም አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቶዮታ ራሱ በሠራው ገመድ ሁልጊዜ መብራት ያለው ብዙውን ጊዜ ቢጫ መስመር ያለው ሰማያዊ ነው፣ የቁልፉ ግራጫ፣ ግራውንዱ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው) ቡናማ። ከሱቅ የሚገዛ ቴፕ ላይ ደግሞ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ናቸው። ግን እኛ ጋ ካሉት ቪትዞች ብዙዎቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው፣ ሲዞር ደግሞ የዳሽቦርዱ ገመድ ተቆርጦ በሌላ ሽቦ ይቀጠላል፣ የቀጠለው ሰው እጁ የገባለትን ቀለም ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ቀለም አትመኚ፣ ለኪ። ደግሞ እዚያው ውስጥ ቢጫ ሶኬት ወይም በቢጫ የተጠቀለለ ገመድ ካየሽ እንዳትነኪው፣ በቴስተርም እንዳትሞክሪው፣ የኤርባግ ነው። ቴፑን ከማውጣትሽ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቺ፣ ስትለኪ ብቻ መልሰሽ እሰሪው።

ፊውዙን በተመለከተ በሙሉ ልቤ ነው የምለምንሽ። የቴፑ ፊውዝ 10 ወይም 15 አምፔር ነው። ሲቃጠልበት በሽቦ ቁራጭ ወይም በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ የሚመልስ ሰው አለ፣ 30 የሚከትም አለ። ፊውዝ የተቃጠለው አንድ ቦታ ሽቦ ስለተነካካ ነው። በሽቦ ሲተካ በሚቀጥለው የሚቃጠለው ገመዱ ነው፣ ገመዱ ደግሞ ያለው ከአባትሽ ጉልበት ፊት ለፊት ነው። ፊውዝ ሳጥኑን ክፈቺና አንድ በአንድ እዪ፣ የተጠቀለለ ካገኘሽ ዛሬውኑ አስቀይሪ።

ያለ ቁልፍ መስማት የፈለግሽበት ምክንያት ገብቶኛል፣ ክሊኒክ በር ላይ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ከባድ ነው። ግን የሚያስፈልግሽ ነገር መኪናዋ ውስጥ አለ። ቁልፉን የመጀመሪያው እርከን ላይ ብቻ አዙሪና ተዪው፣ ሞተሩም ሌላውም ሳይበራ ቴፑ ይሠራል። ኤሲሲ የተሠራው ለዚሁ ነው። አንድ ሰዓት ብትሰሚ ከባትሪው የሚሄደው ኢምንት ነው። ስለዚህ ሽቦው ወደ ድሮው ይመለስ።

ሲመለስም እንዴት እንደሚያያዝ አጠገቡ ቆመሽ እዪ። ጠምዝዞ ናስትሮ የሚጠቀልል ከሆነ አይሆንም በዪው። ዳሽቦርድ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ናስትሮው ይላላል፣ ሙጫው ይቀልጣል፣ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል። በሶልደር ይያያዝ፣ በላዩ ላይ በሙቀት የሚኮማተረው ፕላስቲክ ይልበስ። ሥራው በግማሽ ሰዓት ይረዝማል፣ ግን ለዓመታት አይነካም።

የፊት ግራውን ስፒከር ለይቼ የማነሳው እኔም ስለደረሰብኝ ነው። ኮሮላ ነበረችኝ፣ በር ስትዘጋ የሚጠፋ ስፒከር የነበራት። አንድ ሱቅ ስፒከሩን ቀየሩልኝ፣ አልተሻለም። ቴፑ ነው ብለው ቴፑን አስቀየሩኝ። ያም አልሆነም። ወራት አልፈው አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ በሩን ከፍተው በበሩና በመኪናው አካል መካከል ያለችውን የላስቲክ ቱቦ በጣታቸው ጠመዘዙና «ልጄ፣ እዚህ ጋ ተቆርጧል» አሉኝ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገመዱ ይታጠፋል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል፣ ፕላስቲኩ ግን ደህና ስለሚመስል አይታይም። በሩ ሲንቀሳቀስ ጫፎቹ ይነካካሉ ወይም ይለያያሉ። የአንቺም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ቴፑ እየሠራ በሩን ግማሽ ክፈቺና ቱቦዋን ጨመቅ ጨመቅ አድርጊ፣ ድምፁ ብቅ ጥልቅ ካለ ተገኘ። አዲስ ሽቦ ከበሩ ውስጥ እስከ ዳሽቦርዱ ይሳብለት፣ ቱቦዋ ውስጥ መቀጠል ግን አያዋጣም፣ ቅጥያው እዚያው ተመልሶ ይበጠሳል።

የኋላዎቹ ሌላ ነገር ናቸው። ሲንጫረር ብዙ ጊዜ የስፒከሩ ወረቀት ዙሪያውን ደርቆ ተሰንጥቋል። በቴፑ ላይ ድምፁን በሙሉ ወደ ኋላ አዙሪ፣ ከዚያ ወደ አንድ ጎን፣ አንድ በአንድ ስሚያቸው። ሽፋኑን አንስተሽ በጣትሽ ወረቀቱን ቀስ አድርገሽ ተጫኚው፣ ከሻከረ ወይም ከፈገፈገ አልቆለታል። ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ከቴፑ ለያይተሽ የተራ ድንጋይ ባትሪ ጫፎች ንኪበት፣ «ጧ» ካለ ሽቦው አልተበጠሰም። ወረቀቱ ወደ ውጪ ከተገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው፣ ምልክት አድርጊበት። ለምን ብትዪ አንድ ስፒከር ተገልብጦ ከተያያዘ ሁለቱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ባሱ ይጠፋል፣ ሰው ደግሞ ስፒከሩ ርካሽ ስለሆነ ይመስለዋል።

የሚሞቱት የኋላዎቹ ከሆኑ ለጊዜው ድምፁን ወደ ፊት አምጪና ዝም አሰኛቸው። አባትሽም አንቺም የምትቀመጡት ፊት ነው፣ ኋላ ላለው ወንበር ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ያ ሲ... የሚለው ከዲናሞው የሚመጣ ነው። ዲናሞው በፈጠነ ቁጥር ይጮኻል፣ ለዚያ ነው ነዳጅ ስትሰጪ የሚጨምረው። ስልኩ ከአንድ ሶኬት ቻርጅ እየተደረገ በሌላ ገመድ ድምፅ ሲያስተላልፍ ግራውንዱ በሁለት መንገድ ይገናኛል፣ ጩኸቱ በዚያ ይገባል። ቻርጀሩን ንቀዪው፣ ጸጥ ካለ እሱ ነው። ገመዱን ትተሽ ብሉቱዝ ያለው ብትጠቀሚ ይጠፋል። ቻርጀሩ ተነቅሎም ድምፁ ዜሮ ሆኖም የሚጮኽ ከሆነ ግን የቴፑ ግራውንድ ላልቷል ወይም ዝጓል፣ ቀለሙ ተፍቆ የመኪናው ብረት ላይ በብሎን መታሰር አለበት።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ከሽቦና ከእጅ ዋጋ በላይ አያስወጣሽም። ይህን አሠርተሽ ሁለት ሳምንት ንጂ። ያኔ በእርግጥ ምን እንደጎደለሽ ራስሽ ታውቂያለሽ።

ከዚያም መሻሻል ካለበት፣ ቢሻሻል ደስ ይለኛል። ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እነዚህ ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፣ በየቀኑ የምትቀመጪበት ነገር ደግሞ ሊያስደስትሽ ይገባል። ግን በቅደም ተከተል ይሁን።

መጀመሪያ የፊት በሮች ሁለት ስፒከር። አብዛኛው ጊዜ 6.5 ኢንች ነው የሚገባው፣ ግን ሳትለኪ አትግዢ። ስፋቱን ብቻ አይደለም፣ ጥልቀቱንም ለኪ። መስታወቱ በሙሉ ወርዶ ከስፒከሩ ማግኔት ጋር የሚጋጭ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ላይ ይሰበራል። 4 ኦም ይሁን፣ በቴስተር ስትለኪው 3.5 አካባቢ ያሳያል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ተዪው፣ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ፈልጊ፣ በተመሳሳይ ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮኽ የሚናገር ቁጥር ነው። 90 ዲቢና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ። 87 ከሆነ ተመሳሳይ ድምፅ ለማውጣት እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል፣ ተራ ቴፕ ደግሞ ያን ጉልበት የለውም።

ሲገጠም በሩ ውስጥ ያለውን ስስ ላስቲክ ቀደው እንዳይጥሉት ተቆጣጠሪ። ቆሻሻ ይመስላቸዋል። ክረምት ላይ በመስታወቱ ጎን የሚወርደው ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ስፒከሩ የሚቀመጥበት ቀለበትም ከተራ ኮምፔንሳቶ ከተቆረጠ በአንድ ክረምት ያብጣል፣ የፕላስቲኩን ጠይቂ። ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ሲሠራ፣ በሩም ዙሪያው ሲታሸግ፣ ያው ቴፕ ሌላ ቴፕ ይመስላል።

ሁለተኛ ቴፑ። ስክሪን የሌለው፣ ብሉቱዝ፣ ፍላሽና ኤፍ ኤም ያለው ተራ ቴፕ ይበቃሻል። ኤፍ ኤሙ ከ87.5 እስከ 108 መሆኑን ሱቁ ውስጥ አስከፍተሽ እዪ። አንዳንዱ ቴፕ አገር የሚመረጥበት አለው። ጃፓን ላይ ከሆነ የድሮው ችግርሽ ይመለሳል። አሜሪካ ላይ ከሆነ ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ተጋማሽ የሆነባቸውን ጣቢያዎች ይዘልላል፣ 107.7 ብሎ 107.9 ይላል፣ 107.8ን አያገኘውም። አውሮፓ ላይ አስደርጊው። የቶዮታ ቀዳዳ 200 ሚሊሜትር ነው፣ ከሱቅ የሚገዛው ደብል ዲን የሚባለው ቴፕ 180 ነው፣ ስለዚህ ግራና ቀኝ አስር አስር ሚሊሜትር የሚሞላ ፕላስቲክ አብሮ ይገዛ፣ ከሌለ ክፍተቱ ያስጠላል።

ሱማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዢ «50 ዋት በአራት» የሚል ጽሑፍ ታያለሽ። ቴፑን ገልብጪና ከጀርባው ያለውን ፊውዝ እዪ። 10 አምፔር ከሆነ በ14 ቮልት ብታባዢው 140 ዋት ነው፣ በሙሉ ቢስብ እንኳ 200 አይሞላም። የደህና ቴፕ እውነተኛው ጉልበት ለአንድ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ነው፣ ለቪትዝ ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ያ ይተርፋል። በታዋቂ ስም የተመሰለ ብዙ አለ። እጅሽ ላይ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከቀለለሽ፣ የጀርባው ብረትም ሙቀት የሚያስወጣበት ወፍራም ክፍል ከሌለው፣ ስሙ ምንም ቢሆን ተዪው።

ስክሪኑን ለምን እንደተቃወምኩት ልንገርሽ። የኋላ ካሜራ ማያያዝ መቻሉ በእርግጥ ጥቅም ነው፣ ያንን አልክድም። ግን ርካሾቹ ለመነሳት ይዘገያሉ፣ ቁልፍ ከወጣም በኋላ መብራት የሚስቡ አሉ፣ የአንቺ ባትሪ ደግሞ ትንሽ ነው። ድምፁ ከተራ ቴፕ አይሻልም። ስፖኪዮ በሚነቀልበት ከተማ ከውጪ የሚያበራ ስክሪን ይዞ መንገድ ዳር ማደርም ያሳስበኛል። አምፕሊፋየርና ሰብዉፈሩ ደግሞ ለአንቺ ፍላጎት ምንም አይጨምሩም። ባሱ ከፍ ሲል የሚሸፈነው የሰው ንግግር ነው፣ አባትሽ ደግሞ ንግግር ነው የሚሰሙት።

ጆሮአቸው ደከም ያለ ሰው ድምፁ ቢጨመርላቸውም ቃሉ ላይለይላቸው ይችላል። ስለዚህ ላውድ የሚለውን አጥፊ። ባሱን ሁለት ሦስት ደረጃ ቀንሺ፣ ትሬብሉን ትንሽ ጨምሪ፣ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት፣ ከዚያም ትንሽ ወደ እሳቸው ጎን። ይህን ዛሬ ባለው ቴፕ ላይ ማድረግ ትችያለሽ፣ ምንም አያስወጣም። ድምፁን ሳትጨምሪ ዜናው ሲለይላቸው ፊታቸውን እዪ።

የማታ መብራቱን ብቻውን ለማሠራት አትድከሚ፣ ቴፑ ከተቀየረ አብሮ ይፈታል። ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ካሉ፣ በተለይ ከጃፓን የመጣ ናቪጌሽን ያለው አዲስ ሞዴል ቶዮታ የያዛችሁ፣ ባትሪ ከመፍታታችሁ በፊት የካርታው ሜሞሪ ካርድ ቦታው ላይ መሆኑን እዩ። ካርዱ ከሌለ ሲመለስ በጃፓንኛ ጽሑፍ ይቆለፍና ሬዲዮውንም አያሠራም። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖችም ባትሪ ሲፈታ ኮድ ይጠይቃሉ፣ ኮዱ መጽሐፉ ውስጥ ካለ አስቀድማችሁ ፈልጉ።

አንቺ ግን አሁን ቴስተሩን ያዢና ሁለቱን ሽቦዎች ለኪ፣ ቁልፉ ወጥቶም ገብቶም ስንት እንዳሉ ጻፊልኝ። ኤክስፓንደሯ መብራት ስታገኝ ሸገር 88.1 ላይ ይመለሳል። አንድ ቀን አዲሱን ቴፕ ስታስገጥሚ ደግሞ ሠራተኛው ኤክስፓንደሯን ከአንቴናው ገመድ ላይ ማውጣቱን አረጋግጪ፣ ካልወጣች አዲሱም ቴፕ ጣቢያዎቹን በተሳሳተ ቁጥር ነው የሚያሳይሽ። ከወጣች በኋላ ቁጥር አንድ ቁልፍ ላይ 102.1ን አስቀምጪና ለአባትሽ ቁጥሩ መቀየሩን ንገሪያቸው፣ 88.1ን ለምደውት ይሆናል።